ፖስተሩ ላይ የሌለው

ውድ የትያትር ቤታችን አባላት፣ ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የድሮ ፖስተሮች አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ፊታቸው ቆማችሁ «ያ የኔ ኮፍያ አይደል እንዴ?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስላለፉት የትያትር ወቅቶቻችን ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከተናጋሪ የሚጠበቀው ርዕሶቹን በየተራ ጠርቶ ማስጨብጨብ ነው። እኔ እሱን ልተወው። ርዕሶቹ ግድግዳው ላይ አሉላችሁ። እኔ የማወራው ፖስተር ላይ ስለማይጻፈው ነገር ነው። አማተር ቡድን ልማዱ ነው፤ ፖስተሩን በክብር ያስቀምጣል፣ የቀረውን ወረቀት ሁሉ ይጥላል። ለሚቀጥለው ወቅት የሚጠቅመው ግን የሚጣለው ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ፊሊፕ ሄንስሎ ይባላል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ሮዝ የሚባል ትያትር ቤት ነበረው። ደራሲ አይደለም፤ ተዋናይም አይደለም። ነጋዴ ነው። በመያዣ ገንዘብ ያበድራል፣ ቤት ያከራያል። «ይሄ ደግሞ ከጥበብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚባል ዓይነት ሰው። ግን ደብተር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1592 ጀምሮ የትኛው ተውኔት መቼ እንደታየ፣ ለእሱ ስንት እንደደረሰው፣ ለየትኛው ደራሲ ምን ያህል ቀብድ እንደሰጠ ይጽፍበት ነበር። ዛሬ የዚያን ዘመን ትያትር ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ ከምናውቅባቸው ሰነዶች ዋነኛው ይኸው የሂሳብ ደብተር ነው። እዚያ ላይ ከተጠቀሱት ተውኔቶች የአብዛኞቹ ጽሑፍ ጠፍቷል። ስማቸው እንኳ የተረፈው ሰውየው ገቢና ወጪውን ስለመዘገበ ነው።

ከወረቀቶቹ መካከል እኔ በጣም የምወደው በ1598 የተደረገውን የዕቃና የልብስ ቆጠራ ነው። አንድ ዐለት፣ ይላል። አንድ መቃብር። አንድ የገሃነም አፍ። ፀሐይና ጨረቃ ያሉበት ጨርቅ። ከልብሶቹ መካከል ደግሞ «ሳይታዩ ለመሄድ» የሚለበስ ካባ አለ። እስቲ አስቡት! ተዋናዩ ካባውን ደርቦ ብቅ ይላል፤ ተመልካቹም «አሃ፣ አሁን አይታይም ማለት ነው» ብሎ ይቀበላል። ይህን ያቆየልን መጋዘን የቆጠረ ሰው ነው። እኛስ መጋዘናችንን የቆጠርነው መቼ ነው? አልባሳት ክፍል የምትሠሩት ስትስቁ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የአንድ ወቅት ዝርዝር ከውጭ ሲያዩት ኮሚቴው ቁጭ ብሎ የሚወደውን የመረጠ ይመስላል። ውስጡን የምናውቅ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ እናውቃለን። ስንት ወንድ አለን? መዝፈን የሚችለው ማን ነው? ፒያኖ ማን ይጫወትልናል? ካዝናው ውስጥ ምን ተረፈ? አዳራሹ መቼ ይለቀቃል? ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «የትኛውን እንወዳለን?» የሚባለው። እሱም ጊዜ ከተረፈ።

ሙዚቃዊ ትያትር በየወቅቱ የማይቀረውም በዚሁ ስሌት ነው። ሠላሳ ሰው መድረክ ላይ ከወጣ የሠላሳ ሰው ቤተሰብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሕፃናት ካሉበት ደግሞ አያቶችም አክስቶችም ይጨመራሉ። ያው ልጁ ዛፍ ሆኖ ቢቆምም ለማየት ይመጣሉ። ግን ሙዚቃዊ ሲያስገባም ሲበላም ብዙ ነው። የመድረክ ፈቃዱ ይከፈላል። የሙዚቃ መጻሕፍቱ ኪራይ አለ። ማይክ፣ ሙዚቀኛ፣ ልብስ፣ ከልብሱም በላይ ጫማ። ሲሳካ፣ ተመልካች የማይበዛለትን ጸጥ ያለ ድራማ ወጪ ይሸፍናል። ሳይሳካ ሲቀር የሚቀጥለውን ወቅት ይዞ ይወድቃል።

ስትወጡ ፖስተሮቹን በዚህ ዓይን ድገሟቸው። ከትልቅ ሙዚቃዊ ቀጥሎ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት ብቻ ያለው ተውኔት ካያችሁ፣ ኮሚቴውን ድንገት የጥበብ አብዮት አምሮት ላይሆን ይችላል። ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው። ሼክስፒር ወይም ፈረንሳዊው ተውኔት ጸሐፊ ሞሊየር ሲመጣም እንደዚያው ነው። ትልቅነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ጽሑፋቸው የመብት ክፍያ አይጠየቅበትም። አዲስ ትርጉም ከሆነ ግን ተርጓሚው መብት አለው፤ ይህን የሚረሳ አይጠፋም።

ኪስ ባዶ ሲሆን የተመረጠ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ቶርንተን ዋይልደር በ1938 ያቀረበው «አወር ታውን» ሲጻፍ ጀምሮ ለባዶ መድረክ ነው። ጠረጴዛና ወንበር ይበቃዋል፤ ሌላውን ተዋናዮቹ በእጃቸው እንቅስቃሴ ያሳያሉ። ፑሊትዘር የሚባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ሽልማት አግኝቷል። ሙዚቃዊም ቢሆን የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። «ዘ ፋንታስቲክስ» በ1960 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተጀመረ። ተዋንያኑ ጥቂት፣ ሙዚቃው አንድ ፒያኖና አንድ ሀርፕ። እስከ 2002 ድረስ እዚያው አዳራሽ ውስጥ 17,162 ጊዜ ታየ። ስለዚህ «ገንዘብ የለንም፣ ሙዚቃዊ ይቅር» የሚል ሰው ሲነሳ ቶሎ አትስማሙ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው። የተዋናይ መረጣ ቀን ሴቶቹ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ወንዶቹን ግን በስልክ እየለመንን ነው የምናመጣቸው። የቆዩት ሙዚቃዊዎች ደግሞ የወንድ ገጸ ባሕርይ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ቴነር፣ ማለትም ከፍ ባለ ድምፅ የሚዘፍን ወንድ፣ ያለው ቡድን ዕድለኛ ነው። ያ ሰው ሥራ ከቀየረ ወይም ካገባ የሁለት ዓመት እቅድ ይናጋል። «ገጸ ባሕርይዋን ሴት እናድርጋትና እንገላገል» ማለትም አይቻልም። መብቱ ያላለቀ ሥራ ከሆነ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎበዝ ተዋናዮቻችን ሆነው ተስማሚ ቦታ ሳያገኙ ብዙ ወቅት በኅብረ ዝማሬው ውስጥ ቆመው ያለፉ ሴቶች አሉ። ይህም ፖስተሩ ላይ የለም። እኔ ግን ከዚህ ግድግዳ ላይ ጎልቶ የሚታየኝ እሱ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ሙዚቃዊ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ የምንለማመድባቸው የሙዚቃ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የኪራይ ናቸው። ወራት ሙሉ እርሳስ ይዘን እንጽፍባቸዋለን። እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰድ። እዚህ ጋ አዘጋጇን እይ። እዚህ ጋ መሰላሉ ስለሚንቀጠቀጥ ቀስ በል። ይሄኛው ስንኝ ለአልቶዎቹ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ላላቸው ሴቶች፣ ወርዷል። የአንድ ዝግጅት አእምሮው ያ ነው። ከዚያ የመጨረሻው ቀን ያልፋል፣ ጭብጨባው ያልቃል፤ በማግስቱ ደግሞ ላጲስ ይዘን ክብ እንቀመጣለን። መጽሐፉ ንጹሕ ሆኖ መመለስ አለበትና! እየተጨዋወትን፣ እየሳቅን፣ የሠራነውን በሙሉ በእጃችን እናጠፋለን። ባለመብቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ንብረቱ ነው። ቅሬታዬ በኛ ላይ ነው። ከማጥፋታችን በፊት የራሳችንን ማስታወሻ ወደ ደብተር መገልበጥ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

«ቪዲዮ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። የብዙ ሥራዎች ፈቃድ መቅረጽን አይጨምርም። ቢፈቀድም ቪዲዮ የሚያሳየው ውጤቱን ነው። ሦስተኛው ትዕይንት ለምን እንዲያ እንደተሠራ፣ በልምምድ ጊዜ ምን ተሞክሮ እንደተጣለ አያሳይም።

ስለተጣለው ካነሳን፣ የወደቀውንም እንጻፍ። ያልተሳካ ዝግጅት ይደበቃል። ስሙ ሲነሳ ሰው ወደ ጣሪያ ያያል። ትኬቱ ያልተሸጠው ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ለቀው ይሄዳሉ፤ ከጊዜ በኋላ አዲስ ኮሚቴ ይመጣና ያንኑ ስህተት በአዲስ ጉልበት ይደግመዋል። በሁለተኛው ገቢር መሃል በተሽከርካሪ ግድግዳ ትዕይንት ለመቀየር በጣም ስለቆየን ተመልካቹ ትያትሩ ያለቀ መስሎት ኮቱን እያነሳ የወጣበት ምሽት ነበር። ዛሬ እናስቅበታለን። ግን ቅያሪው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የጻፈ ሰው የለም። ስለዚህ የሚቀጥለው አዘጋጅ ያችኑ ተሽከርካሪ ግድግዳ አንስቶ «ይሄ እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው!» ይላል።

በዚህ ነገር የምቀናባት አንዲት መንደር አለች። ጀርመን ውስጥ ነው፤ ኦበራመርጋው ትባላለች። በ1633 ወረርሽኝ ሲገባባት ነዋሪዎቹ የክርስቶስን ሕማማት በትያትር ሊያሳዩ ተሳሉ። በ1634 የመጀመሪያውን አሳዩ፤ ኋላም በየአሥር ዓመቱ ሆነ። መድረክ ላይ ለመውጣት እዚያ መወለድ ወይም ለ20 ዓመት መኖር ይጠይቃል። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ይሳተፋል። ተዋንያኑ ከዝግጅቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድመው ፀጉርና ጢም መቆረጥ ያቆማሉ። ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ዓመት እንዴት እንደሚኖር እንጃ!

እኔ ግን የምቀናው ባደረጉት ብቻ አይደለም። ያላደረጉትንም ያውቃሉ። በ1770 በመንግሥት ተከለከሉ። በ1870 ጦርነት መሃል ላይ አቋረጣቸውና በዓመቱ ጨረሱት። የ1920ው ወደ 1922 ተዛወረ። የ1940ው በጦርነት ቀረ። የ2020ው በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ተገፋ። ክፍተቱ ራሱ የታሪካቸው አካል ነው። ከዚህ የከበደም አለ። ተውኔቱ ለረጅም ዘመን አይሁድን በጥላቻ የሚስል ነበር። በ1934፣ ሦስት መቶኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ሂትለር መጥቶ አይቶታል። ይህን አልቀደዱትም። ከብዙ ክርክር በኋላ፣ በተለይ ክርስቲያን ስቱክል አዘጋጅ ከሆነበት ከ1990 ጀምሮ፣ ጽሑፉን በየዙሩ እያሻሻሉት መጥተዋል። ያለፈው ወቅት ምን ይል እንደነበር በእጃቸው ባይኖር ምኑን ያሻሽሉት ነበር? እኛም ጋ «ያኔ እኮ ያስቅ ነበር» የምንላቸው፣ ዛሬ ግን የማንደግማቸው ቀልዶች ያሉባቸው ጽሑፎች አሉ። አይጣሉ። ይቀመጡ።

ስለ ስም ትንሽ ልበል። በአሜሪካ ነብራስካ የኦማሃ ኮሚዩኒቲ ፕሌይሃውስ በ1924 ተቋቋመ። በ1925 አንድ ዓይን አፋር የሃያ ዓመት ወጣት እዚያ መድረክ ላይ ወጣ፤ ኋላ ዝነኛ የፊልም ተዋናይ የሆነው ሄንሪ ፎንዳ ነበር። ሞክር ብላ የጠራችው የሌላው ዝነኛ ተዋናይ የማርሎን ብራንዶ እናት ናት። እነዚህ ስሞች ለምን ተረፉ? ፎንዳና ብራንዶ ዝነኛ ስለሆኑ ነው። በዚያ ምሽት ከጀርባ ሆኖ ዕቃ ሲያቀብለው የነበረውን ሰው ግን ስሙን የሚጠራ የለም። የማኅበረሰብ ትያትር ሲወራ ሁሌ «ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደረሰ» ይባላል። እኔ ይህ ወሬ ይሰለቸኛል። አብዛኞቻችን ከዚህ ተነስተን የትም አልደረስንም፤ በማግስቱ ሥራ ገባን። በሚቀጥለው ወቅት ደግሞ ተመለስን። ስሙ መጻፍ ያለበት የተመለሰው ሰው ነው። ሃያ ገጸ ባሕርይ የተጫወተውም፣ አንድም ቀን መድረክ ላይ ሳይወጣ ሃያ ዝግጅት መብራት የያዘውም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ዝግጅት ሲያልቅ የመድረክ አስተባባሪው አንድ ደብተር ለቤተ መዛግብታችን ያስረክብ። ረጅም መሆን የለበትም። ለምን እንደመረጥነው፣ ምን እንዳወጣንና ምን እንዳገኘን፣ ማን ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተሰበረ፣ ዳግመኛ ብንሠራው ምን እንደምንቀይር። ዕቃው ሲመለስ ይቆጠር። የማንም ስም በክፉ አይነሳ፤ የተጣላንበትን ሳይሆን ያልሠራውን ዘዴ ነው የምንጽፈው። ለተጣላንበት ሌላ ደብተር ያስፈልጋል፤ አንድም አይበቃውም።

ቤታችሁ የድሮ ፕሮግራም፣ የትኬት ቁራጭ ወይም የልምምድ ፎቶ ያላችሁ አምጡልን። መልሳችሁ መውሰድ ከፈለጋችሁ ቀድተን እንመልሳለን። በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፤ ዛሬም ይዛችሁ ከሆነ እነሱ ይቀበሏችኋል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጀርባው ላይ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል።

አመሰግናለሁ።