ሁለት ስኒ መኖ

ሰላም ናችሁ? ከኋላዬ ጪው ጪው ሲል የምትሰሙት ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም። ጫጩቶቼ ናቸው። ዘጠኝ ናቸው። በር ስዘጋባቸው ይብስባቸዋል፣ ስለዚህ ዛሬ አብረውን ያመሻሉ። ወሬዬም ስለ እነሱና ስላባከንኩት መኖ ነው።

የምኖረው ስድስት ኪሎ ነው። አምስት ቤት አንድ ግቢ እንጋራለን። ለበዓል ከመግዛት ውጪ ከዶሮ ጋር ትውውቅ አልነበረኝም። እንግዲህ አንዲት ትንሽ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እጄ ገባች፣ 24 እንቁላል የምትይዝ። የመጀመሪያ ሙከራዬን ስነግራችሁ እንዳትስቁ። ሱቅ ሄጄ እንቁላል ገዛሁ። አዎ፣ ከሱቅ! በ7ኛው ቀን ማታ ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን ባትሪ እያስጠጋሁ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጽንስ ያለው እንቁላል ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ ደም ስር ይታያል። የኔዎቹ ሁሉም ጥርት ያሉ ነበሩ። ጎረቤታችን እማማ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ አውራ አጠገቧ ያልደረሰ ዶሮ እንቁላል ምን ሊወጣው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሱቅ የሚመጣው የእርባታ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ያለ አውራ የተጣለ ነው። ለፍርፍር ነው የሚሆነው።

ለሁለተኛው ዙር ሱሉልታ ያለችው አክስቴ 20 እንቁላል ሰጠችኝ። እሷ ዘንድ አውራ አለ፣ ያውም ሰው የሚያባርር። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ደረደረችልኝ፣ እኔም ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት። ከመንገዱ እንዲያርፉ አንድ ቀን ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኳቸው፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ። 37.5 ዲግሪ። በቀን ሦስቴ ማገላበጥ። እስከ 18ኛው ቀን እንዲህ ነው፤ ከዚያ ማገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ይጨመራል። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፣ የእንቁላሉም እርጥበት ቶሎ ይተናል። የማሽኑን የውሃ ሳህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

በ19ኛው ቀን መብራት ሄደ። ሌላ ቀን አጥቶ! ክዳኑን ሳልከፍት በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ከጋቢው ስር በግራና ቀኝ ሙቅ ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ሻጥኩ። አራት ሰዓት ጠፍቶ ቆየ። በ21ኛው ቀን ንጋት ላይ የመጀመሪያው ቅርፊቱን ሰበረ። በማግስቱ ዘጠኝ ሆኑ። ከ20 ዘጠኝ። እማማ፣ «ታቃፊ ዶሮ ብትሆን መብራት ኃይልን አትጠብቅም ነበር» ብለው ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ጫጩት ሲፈለፈል የአስኳሉን ቀሪ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። እኔ ግን ይራባሉ ብዬ ተጨንቄ ገና ላባቸው ሳይደርቅ ግማሽ ኪሎ የጫጩት መኖ በዝርግ ሳህን ሞልቼ አቀረብኩ። እንግዳ ተቀባይ ነኝ መቼም። ሳህኑ ላይ ወጡበት፣ ጫሩት፣ ኩሳቸውን ጣሉበት። ውሃውን አጠገቡ አድርጌው ስለነበር ግማሹ ረጠበ፣ በሁለተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። የሻገተ መኖ ደግሞ ጫጩት ይገድላል፣ ስለዚህ አውጥቼ ደፋሁት። ከዚያስ? እንደገና ሞላሁት።

ቅዳሜ ስጠርግ ከሰጋቱራው ጋር የተቀላቀለውን መኖ ወንፊት ላይ ነፋሁና በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። ከሰጠሁት አንድ ሦስተኛ የሚሆነው መሬት ላይ ነበር። እማማ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። «የምትቀልበው ጫጩት ነው አይጥ?» አሉ። ያን ሰሞን ማታ ማታ ጣሪያው ላይ የምሰማው ሩጫ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጫጩት በቀን የሚበላው 10 ግራም አካባቢ ነው። ዘጠኙ ተደምረው 90 ግራም። በቡና ስኒ ሁለት ስኒ ቢሆን ነው! እኔ ግማሽ ኪሎ ነው የዘረገፍኩላቸው። መኖ ተወደደ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳማርር የነበርኩት እኔው ነኝ።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባል የለ? መጫር ተፈጥሮዋ ነው፣ ብትቆጣት አትሰማም። መስተካከል ያለበት ዕቃው ነው። አምስት ሊትር የምትይዝ የዘይት ጀሪካን ወሰድኩ፣ ጎኗን አንገት ብቻ በሚያስገባ መጠን ቀዳዳ ቀዳዳ አደረግኩ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣቸው በላስቲክ ለበጥኩት። በገመድ ሰቀልኳት። ከፍታዋ ከጫጩቶቹ ጀርባ ጋር እኩል ነው። ዝቅ ካለች ይጭሩባታል፣ ከፍ ካለች ትንሿ አትደርስም። የምሞላውም ሲሶዋን ብቻ ነው። አፉ ድረስ የተሞላ ዕቃ በመንቁራቸው ወደ ውጭ ይበትኑታል። ውሃውን ከመኖው አርቄ ጡብ ላይ አስቀመጥኩት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስጠርግ የወጣው አንድ እፍኝ አይሞላም።

አንድ ጥፋት ግን ልናዘዝ። በደንብ ልቆጥብ ብዬ በሁለተኛው ሳምንት መኖውን በፉርሽካ አበዛሁት። ርካሽ ነው፣ ሆድ ይሞላል። ጫጩት ግን መኖው ውስጥ 20 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን ይፈልጋል። ክንፋቸው ላባ ማብቀሉን አዘገየ፣ እድገታቸው ቀጥ አለ፣ እየበሉ የራባቸው መሰሉ። በአምስተኛው ቀን ወደ ድሮው መለስኩት። የሚደፋውን መቀነስና የሚበላውን መቀነስ ለኔ አንድ ነበሩ፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

ብርድም መኖ ይበላል፣ ይሄን ማን ያስባል? የኛ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ጫጩት ሲበርደው የበላውን ለሙቀት ያውለዋል፣ ለስጋና ለላባ አይተርፈውም። ለሙቀት ያበራሁላቸው አምፖል ስር ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፣ ጥግ ጥግ ከሸሹ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ዘፍ ዘፍ ካሉ ልክ ነው። ቴርሞሜትሬን ካየሁ ሰነበትኩ።

እማማ ከዘጠኙ አራቱ አውራ ናቸው ብለዋል። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። ለየትኛው በዓል እንደሚደርሱ ግን ከወዲሁ ቆጥረዋል፣ እኔ ነገሩን በጨዋታ እያለፍኩት ነው።

ሰማችሁ? ጀሪካኗን እየመቱ ነው። ከትናንት ወዲህ አደጉ መሰለኝ፣ ከጀርባቸው በታች ሆናለች። ልሂድ፣ ገመዱን አንድ ቋጠሮ ከፍ ላድርገው።