ካኪ ወይስ ቺኖ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ስለ ካኪ ነው። አዎ፣ ስለ ካኪ።

እስቲ ካኪ ስላችሁ መጀመሪያ ምን ይመጣላችኋል? እኔ ጥበቃ ነው የሚመጣልኝ። ወይ ደግሞ የመጋዘን ሠራተኛ የሚደርበው፣ እስከ ጉልበት የሚወርደው ካፖርት። ከዚያ ካኪ ፖስታ፣ ያ ሥራ ፍለጋ ስንዞር ዲግሪያችንን የምንይዝበት። እሱ እንኳ ወረቀት ነው፣ በቀለሙ ብቻ ነው ስሙን ያገኘው።

ስሙ ራሱ ከመነሻው የቀለም ነበር እኮ። በፋርስኛ ኻክ ማለት አፈር ነው፣ ትቢያ። ኡርዱ ቋንቋ ውስጥ ገባና ካኪ፣ አፈርማ ሆነ። በ1846 እ.ኤ.አ. ሃሪ ላምስደን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ፔሻዋር ላይ፣ የዛሬዋ ፓኪስታን ውስጥ፣ ጋይድስ የተባለውን ጦር አቋቋመ፣ ወታደሮቹንም አፈር የመሰለ ልብስ አለበሳቸው። ሌላው የእንግሊዝ ጦር ያኔ ቀይ ኮት ለባሽ ነው፣ በዚያ አቧራማ አገር ቀይ ለብሶ መቆም ደግሞ ኑና ምቱኝ ማለት ነው።

ነገሩ እኛም ጋ ደርሷል። በ1928 ማይጨው ላይ ክቡር ዘበኛ ካኪ ለብሶ ነበር። ከየአውራጃው የዘመተው አብዛኛው ሰው ግን ነጭ ሸማውን እንደደረበ ነው የሄደው፣ ነጭ ደግሞ ከአውሮፕላን ላይ በደንብ ይታያል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጨርቁስ? ምስጢሩ ሽመናው ላይ ነው። አቡጀዲ ላይ ድርና ማግ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይተላለፋሉ፣ በቃ። ካኪ ላይ ግን ድሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማግ አልፎ ነው በሦስተኛው ስር የሚገባው፣ ጎረቤቱ ድር ደግሞ አንድ ማግ ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሲሄድ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሰያፍ መስመር ይሠራል። ጅንስም እንደዚሁ ነው። ክሩ ተጠጋግቶ ስለሚገባ በቀላሉ አይቀደድም።

አሁን ቦሌ አንዱ ቡቲክ ግቡና ይሄንኑ ሱሪ ካኪ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። ቺኖ ነዋ የሚባለው! ያው ጥጥ፣ ያው ሰያፍ ሽመና፣ ብዙ ጊዜም ያው ቀለም። ዋጋውን ተዉት። ቺኖም ቢሆን እኮ የወታደር ሱሪ ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ናቸው ዩኒቨርሲቲ ይዘውት የገቡት። ጨርቁ ሰውን ከዓይን እንዲሰውር ነበር የተቀለመው፣ እኛ ግን የሰውን ደረጃ የምንለይበት አደረግነው።

የአክስቴ ልጅ ጥበቃ ነው። ዩኒፎርሙን ሥራ ቦታ ቀይሮ ነው ሠፈር የሚመጣው። ምን ለብሶ? ቺኖ። ቀለሙ ራሱ ያው ነው! አንድ ቀን እየሳቅኩ፣ "ምኑን ቀየርከው ታዲያ?" አልኩት።

"ያኛው የድርጅቱ ነው፣" አለኝ። "ይሄን የገዛሁት እኔ ነኝ።"