በራሱ ጠመንጃ

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ፖላንዳዊ ነው፤ ዮዜፍ ማሮሼክ። ስለ መሣሪያ ሳነሣ የምትቆጡኝ አድማጮች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ዛሬን ታገሡኝ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. መስከረም 1939 ነው። ጀርመን ፖላንድን ወርራለች። ማሮሼክ የጦር መሣሪያ መሐንዲስ ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር በባቡር እየሸሸ ነው። የጀርመን አውሮፕላን ከላይ መጣባቸው። እሱም ራሱ የነደፈውን ጠመንጃ አንሥቶ ተኮሰ ይባላል። አውሮፕላኑን ጣለው የሚሉም አሉ።

መጣል አለመጣሉ አይደለም የያዘኝ። እጁ ነው። ያ ጠመንጃ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በበርሜሉ ቀዳዳ ሾልኮ ፒስተን ይገፋል፤ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀለሁ ይወረወራል፤ ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት ይጎርሳል። ዐሥር ጥይት፣ ዐሥር ጊዜ ምላጭ መሳብ ብቻ። የሌላው ወታደር እጅ ግን በየጥይቱ መካከል መቀርቀሪያ ይስባል። ይህን ልዩነት ማሮሼክ ለዓመታት በወረቀት ላይ አስልቶታል። አሁን ደግሞ ትከሻው ላይ ነው፤ ሰው እየጮኸ፣ ባቡሩ ቆሞ፣ ምናልባት ልቡ እየመታ። በዚያች ቅጽበት የሚተኩሰው ወታደር ነው ወይስ ሥራውን የሚፈትን መሐንዲስ? ሁለቱም ይመስለኛል። ወይም ደግሞ ሁለቱንም አልነበረም ይሆናል፤ የፈራ ሰው ብቻ ነበር።

ለነገሩ ጠመንጃው ለጦርነቱ በጊዜ አልደረሰም። የ1938 ሞዴል ተብሎ ጸድቆ፣ ጦርነቱ ሲፈነዳ የተሠራው 150 ገደማ ብቻ ነበር። ለአንድ ሠራዊት ይህ ምን ይሆናል?

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላው ሥራው ነው። ያው ማሮሼክ የታንክ ብረት የሚበሳ ጠመንጃ ነድፎ ነበር፤ ያ በሺዎች ተመርቷል። ግን ምስጢሩ እንዳይወጣ ለኡራጓይ የሚላክ ዕቃ አስመስለው በታሸገ ሣጥን ደበቁት። ተኳሾቹ መልመድ የጀመሩት ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንዱ ሥራው አልደረሰ፣ የደረሰው ተቆለፈበት! ምስጢር ጠባቂዎቹንም ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልችልም፤ በሁለቱም ወገን የተከበበች አገር ነበረች፤ መስከረም 17 ቀን ሶቪየትም ከምሥራቅ ገብታለች። ቢሆንም...

ማሮሼክ እስከ 1985 ኖሯል። ከዚያች ቀን በኋላ 46 ዓመት። ሰው የሚገድል ዕቃ ሳይጠናቀቅ በመቅረቱ ማዘን ተገቢ ነው? እናቴ ብትሰማኝ «ይቅርብህ» ትላለች። እኔ ግን ለጠመንጃው አይደለም ያዘንኩት፤ ለሰውየውም ብቻ አይመስለኝም። 150ዎቹ 15,000 ቢሆኑስ ኖሮ... አይ፣ ታንኩንና አውሮፕላኑን ጠመንጃ አያቆማቸውም። አያቆማቸውም መሰለኝ። እሱ ራሱ ግን በዚያ ባቡር አጠገብ ቆሞ የተኮሰው ያቆማል ብሎ ነው ወይስ...