የጀበና ቡና የምትሸጠው እህት ሥራ አላት፣ ዲግሪ የያዘው ወንድሟ የለውም፦ ሥራ አጥነት እንዴት ይለካል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው።

(ስክሪን ላይ፦ 8%)

እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት እንዳለው የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ 35.3 በመቶ ደርሳለች። በቁጥሩ ከሄድን እኛ ከእነሱ አራት እጥፍ ተሽለናል ማለት ነው። እስቲ ይህን አራት ኪሎ ሄዳችሁ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ለሚያነበው ተመራቂ ንገሩት።

ቁጥሩን ማንም ከኪሱ አላወጣውም። ግን ምን ብለው ጠይቀው እንዳገኙት ካላወቅን ምንም አይነግረንም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ።)

ጠያቂው ቤት ሲመጣ «ሥራ አጥ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት በእነዚያ ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንዲት ሰዓት ከሠራህ፣ በቃ፣ ሥራ አለህ። ካልሠራህ ሁለት ጥያቄ ይከተላል። ሥራ ስትፈልግ ነበር? ቢገኝ አሁን ትጀምራለህ? ሁለቱንም አዎ ካልክ ሥራ አጥ ተብለህ ትመዘገባለህ። አይ ካልክ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የለህም፣ ከስሌቱ ውጭ ነህ።

እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት አሉ እንበል። እሱ በአካውንቲንግ ተመርቋል፣ ቤተሰብ ያበላዋል፣ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ እያየ ሲቪ ይልካል። እሷ መንገድ ዳር ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጣለች፤ ዝናብ ከዘነበ ሰው የለም፣ ደንብ አስከባሪ ከመጣ ደግሞ ረከቦቱን አንስቶ መሮጥ ነው። ሪፖርቱ ላይ እሷ ሥራ ያላት ናት፣ እሱ ሥራ አጥ።

የእኛ ቁጥር ትንሽ የሚመስልበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ሥራ ፈልጎ ቁጭ ለማለት እኮ የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል። መንግሥት ለሥራ አጥ ወርሃዊ ድጎማ በማይከፍልበት አገር ድሃ ሰው ያገኘውን ይሠራል፤ ይሸከማል፣ ጀብሎ ይይዛል፣ ሊስትሮ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው የጉልትና የመንገድ ዳር ሥራ ከሌላው አፍሪካ ጋር ሲታይ በጣም ጠባብ ነው፣ የአፓርታይድ ዘመን ጦስ ጭምር ነው። እዚያ ሥራ ያጣ ሰው በግልጽ ሥራ አጥ ሆኖ ይታያል፤ እኛ ጋ ቡና ወይም ማስቲካ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ። ገጠሩን ከከተማው ለይታችሁ ካያችሁት ደግሞ፣ ገጠር 5.2 በመቶ፣ ከተማ 18.7 በመቶ። ገጠር ውስጥ ሥራ ሞልቷል ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ። ለገበያ የሚያመርት ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ላይ አምስት ሰው ቢሠራ አምስቱም ሠራተኛ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ።

(ስክሪን ላይ፦ 15 ÷ 75 = 20%)

100 ሰው አለ። 60ው ይሠራል፣ 15ቱ ሥራ ይፈልጋል፣ 25ቱ ተማሪ፣ አዛውንት፣ የታመመ ምናምን ነው። ሥራ አጥነት የሚሰላው ከ100ው ሳይሆን ከ75ቱ ስለሆነ 20 በመቶ ይመጣል። ከ15ቱ አምስቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ አቆሙ እንበል። አሁን 10 ለ70 ነው፣ ወደ 14 በመቶ ወረደ። አንድም ሰው አልተቀጠረም! ቁጥሩ ግን አምሮበታል።

ለዚህ ነው የእኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መስፈርቱን ላላ አድርጎ የቆየው። ሥራ ሲፈልግ ባይገኝም፣ ቢያገኝ የሚሠራ ከሆነ ሥራ አጥ ብሎ ይቆጥረዋል። በኔ እምነት ትክክል ናቸው። መፈለግ ራሱ ብር ይጠይቃል። ከከተማው ዳር ተነስቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማየት መሃል ከተማ ለመግባት ታክሲ አለ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ምሳ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አይተውታል። ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ብር ሲሰጧቸው ፍለጋውን ሳይተዉ ቀጠሉ፣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። የታክሲ ብር ብቻ! ሌሎቹን ደግሞ ሲቪ አጻጻፍ አሠለጠኗቸው፣ ችሎታቸውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። የነዚህ ገቢ ከአራት ዓመት በኋላም ካልሠለጠኑት በልጦ ተገኘ። ቀጣሪው ወረቀት ከማየት ሌላ ልጁ ምን እንደሚችል የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል፣ ወይም የሚያውቀው ሰው የላከለትን ይቀጥራል።

ይህ ግን ሁሉንም አያብራራም። በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ሥራ ፈላጊውን ይቀላቀላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጣት ቁጥር ተነስተው ከ40 አልፈዋል፣ ፋብሪካዎቹ ግን በዚያ ፍጥነት አልበዙም። ያሉትም ቢሆን ከውጭ በሚመጣ ውሳኔ ይናጋሉ። አሜሪካ በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገራት ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ስታስወጣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ሥራቸውን አጡ። ሲቪያቸው ምንም ቢያምር ይህን አያስቀረውም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ2013 ሥራ አጥነት 4.5 በመቶ ነበር፣ በ2021 ወደ 8 ወጣ ሲባል ልዩነቱን በሙሉ ለኢኮኖሚው አትስጡት። በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ ለራሱ ቀለብ ብቻ የሚያርስ ገበሬ ከእንግዲህ በ«ሥራ ያለው» ዓምድ አይቆጠርም ብለው ወስነዋል። ሥራ አጦቹ ሳይቀነሱ የሚካፈልበት ቁጥር ብቻ ሲያንስ መቶኛው ያድጋል፣ ቅድም በሒሳቡ ካየነው በተቃራኒ።

ጉዳቱስ? ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለጠፋ ደመወዝ ነው። ከዚያ የሚብሰው ሳይለመድ የቀረው ሥራ ነው። ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሲቀጠር ከአዲስ ተመራቂ ጋር ይሻማል፣ የሚያገኘውም ያነሰ ደመወዝ ነው። ትዳሩ ይዘገያል። ትንሽ እህቱ በደላላ ቤይሩት ወይም ሪያድ ትሄድና በምትልከው ብር ቤቱ ይቆማል።

ስለ ሴቶች ካነሳን፣ ሪፖርቱን ከስታቲስቲክስ አገልግሎት ድረ ገጽ አውርዳችሁ የከተማውን ሰንጠረዥ በጾታ ተከፍሎ እዩት። የሴቶቹ ሥራ አጥነት ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ ወረድ ብላችሁ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት እየፈለጉ ያላገኙትን ፈልጉ፤ የቡና ሻጯ እህት ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።