የድሮ የኪስ ኮምፓስ ከመግዛታችሁ በፊት አወዛውዙት

እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቨርነር የሚባለው የናስ ኮምፓስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መኮንኖች ካርታ ያነበቡበት። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክዳኑ ላይ መስኮት አለ፤ መስኮቱ መሐል ላይ ቀጭን መስመር። እዚህ ጋ ደግሞ ሰፊ ቀስት፣ ተራ ቁጥር፣ 1917 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት። ቀስቷ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት።

ክዳኑን ልክፈተው። ዲግሪ የተጻፈበት ሰሌዳ ይወዛወዛል። አያችሁ? ገና ነው። ገና ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ኧረ አትመልሱት! ሁለት ሳህን ያለውን የድሮ የወርቅ ቤት ሚዛን አስቡ። ጥሩ ሚዛን ቀለበት ስታስቀምጡበት ወዲያው ቀጥ አይልም። ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ይረጋል። ሻጩ ትንፋሹን ይይዛል! መሐሉ የዛገው ግን ግትር ነው። ቀለበቷን አንስታችሁ ብትመልሷት ሌላ ቦታ ይቆማል። በዚያ ሚዛን ወርቅ ትገዛላችሁ? አትገዙም!

ኮምፓሱም እንደዚያው ነው። ሰሌዳው ያረፈው በሹል ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ከደነዘ ቶሎ ይቆማል፣ ያውም ባገኘው ቦታ። ስለዚህ የብረት ቁልፍ አስጠጉ፣ ሰሌዳው ይዙር፣ ቁልፉን አርቁ። ደጋግሙት። ሁሌ አንድ ቦታ ከረጋ ግዙት።

አጠቃቀሙን ታውቁታላችሁ፤ በመስመሩ አነጣጥሩ፣ ዲግሪውን አንብቡ፣ የማግኔትና የካርታ ሰሜንን ልዩነት አስተካክሉ፣ ካርታው ላይ አስምሩ። ልዩነቱን ግን ከድሮ ካርታ አትውሰዱ፤ ከዓመት ዓመት ይቀየራል። ለንደን ግሪኒች ላይ በማግኔት ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2019 ዜሮ ሆኖ ነበር።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጽፉልኝ ነገር ልምጣ። የአንዳንዶቹ ሰሌዳ በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር፣ ባለበት ቀለም ተቀብቷል። እናንተም ትሉኛላችሁ፦ «ጨለማ ውስጥ ማብራት አቁሟል፣ ራዲየሙ አልቋል፣ ልጆች ይጫወቱበት።» በፍጹም! የደከመው ከራዲየሙ ጋር ቀለሙ ውስጥ ያለው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፤ ብርሃኑን ይሰጥ የነበረው እሱ ነው። ራዲየሙ ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከ1917 ወዲህ የቀነሰው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። እና ቀለሙ ራዲየም ከሆነ መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፣ መኝታ ቤት አታስቀምጡት። ትልቁ አደጋ ብናኙ በአፍ በአፍንጫ መግባቱ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ቀጣዩ ቪዲዮ በፈሳሽ ስለተሞሉት የሁለተኛው ጦርነት ኮምፓሶች ነው፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። እስከዚያው እባካችሁ ናሱን በማጽጃ አታብለጭልጩት። በፈተጋችሁት ቁጥር ቀስቱም ዓመቱም እየሳሳ ይሄዳል። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።