ሬኖ ደ ሻቲዮን፦ በውል የማይታሰረው የከረክ ጌታ

[ምስል፦ የከረክ ምሽግ፣ ዮርዳኖስ]

ከደማስቆ ወደ ግብፅም ሆነ ወደ መካ የሚወርድ የሲራራ ነጋዴ ከዚህ ምሽግ ዓይን ማምለጥ ይከብደው ነበር። ጌታው ሬኖ ደ ሻቲዮን የሚባል የመስቀል ጦረኛ ነበር። ከፈረንሳይ የመጣው ይህ ነው የሚባል ርስት ሳይኖረው ነው። በ1153 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሏ የሞተባትን የአንጾኪያ ልዕልት ኮንስታንስን አገባና ልዑል ሆነ።

ኪሱ ግን ባዶ ነው። ፓትርያርኩን ኤሜሪን ገንዘብ ጠየቀ፤ እምቢ አሉት። አስደበደባቸው፤ ቁስላቸውን ማር አስቀብቶ በጠራራ ፀሐይ ግንብ ላይ አሰጣቸው። ቀጥሎ መርከብ አሰናድቶ ቆጵሮስን ዘረፈ። የቆጵሮስ ሰዎች ክርስቲያኖች መሆናቸውን ልብ በሉ!

ብዙም ሳይቆይ በሙስሊሞች ተማረከና በሶርያዋ ሐለብ ውስጥ 15 ዓመት ገደማ ታሰረ። በ1176 ሲፈታ ሚስቱ ሞታለች፤ አንጾኪያም የእንጀራ ልጁ ሆናለች። ሌላ ባለርስት መበለት አገባ፤ ከረክ እጁ የገባው በእሷ በኩል ነው።

[ካርታ፦ ቀይ ባሕር]

እብድ ሽፍታ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። በ1182 መጨረሻ ያደረገውን እዩ፦ መርከቦች አሠርቶ፣ ፈታትቶ፣ በረሃውን በግመል አሻግሮ ቀይ ባሕር ዳር፣ አቃባ ላይ አስገጣጠማቸው። ሰዎቹ በአፍሪካ ዳርቻ ያለውን የአይዛብን ወደብ ዘርፈው መካና መዲና ወዳሉበት ወደ ሒጃዝ ተሻገሩ። የግብፅ መርከቦች ደርሰው ያዟቸው። የግብፅና የሶርያው ሱልጣን ሳላሃዲን አንድም እንዳይተርፍ አዘዘ፤ መንገዱን ያወቀ ሰው አገሩ ከተመለሰ ሌላ ይዞ ይመጣላ!

ማሰሪያው የፈረሰ ዕርቅ ነው። ከሳላሃዲን ጋር ዕርቅ እያለ ሬኖ አንድ ትልቅ የነጋዴ ቅፍለት ዘረፈ። የመስቀል ጦረኞቹ የኢየሩሳሌም ንጉሥ ጊ «መልስ» ሲለው፣ በአገሬ ጌታ እኔ ነኝ፣ ከሙስሊሞቹም ጋር ውል የለኝም አለ።

ጁላይ 4 ቀን 1187፣ ገሊላ ውስጥ ሐቲን ላይ የመስቀል ጦረኞቹ በውኃ ጥም ተቃጥለው ተሸነፉ። ሳላሃዲን በድንኳኑ ለምርኮኛው ንጉሥ በበረዶ የቀዘቀዘ መጠጥ ሰጠው፤ ጊ ጠጥቶ ለሬኖ አቀበለ። ሳላሃዲን ወዲያው «እኔ አልሰጠሁትም» አለ። በአረቦቹ ወግ ምርኮኛ ከማራኪው እጅ ከቀመሰ ደሙ አይፈስም። ከዚያ ሰይፉን መዞ ሬኖን በገዛ እጁ መታው። ንጉሡን አልነካውም።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 2 ቀን፣ ኢየሩሳሌም በሳላሃዲን እጅ ገባች።