አኩስቲክ ጊታር መድረክ ላይ ለምን ይጮኻል?

[ጥቁር ስክሪን። ዝቅ ያለ የ«ዉዉዉ» ድምፅ እያደገ ይመጣና ድንገት ይቋረጣል።]

መድረክ ላይ አኩስቲክ ጊታር የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ክሩን ማንም ሳይነካው ጊታሩ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ከዚያ አዳራሹን ይሞላዋል። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያፈጠው ሳውንድ ማኑ ላይ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከተጫዋቹ እቅፍ ነው።

የድምፁን መንገድ እንከተል። ክሩ ይርገበገባል፣ ፒክአፑ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጠው) ይቀበላል፣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ያጎላሉ፣ ስፒከሩ ያወጣል። የወጣው ድምፅ ተመልሶ ጊታሩን ሲመታው ሳንቃውና ክሮቹ እንደገና ይርገበገባሉ፤ ፒክአፑም እንደገና ይቀበላል። በየዙሩ የሚመለሰው እያነሰ ከሄደ ይሞታል። እያደገ ከሄደ ግን አንድ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካ) ከሌሎቹ ተነጥሎ ይጮኻል። ፊድባክ የምንለው ይህን ነው፤ በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሶረን ላርሰን ስም «የላርሰን ኢፌክት»ም ይባላል።

[ምስል፦ ለሁለት የተከፈለ የጊታር ሣጥን። አየር በቀዳዳው ሲገባና ሲወጣ።]

አኩስቲክ ጊታር በትንሽ ኃይል እንዲርገበገብ ታስቦ የተሠራ ባዶ ሣጥን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በጣም የምንወደው፣ ሳንቃው ቀጭንና ንቁ የሆነው ጊታር መድረክ ላይ ከሁሉም የባሰ ያስቸግራል። በጣም የሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ በአብዛኛው ጊታር ከ90 እስከ 110 ሄርዝ አካባቢ ይነቃል። ሁለተኛው የፊት ሳንቃው ነው፤ እሱ ወደ 200 ሄርዝ ይጠጋል። አምስተኛው ክር ባዶውን ሲመታ 110፣ ሦስተኛው 196 ሄርዝ መሆኑን ስታስቡ፣ ጩኸቱ ለምን አንዳንድ ኖታዎችን እንደሚመርጥ ይገባችኋል።

የራሳችሁን ጊታር ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መዳፋችሁን ጀርባው ላይ አድርጉ፣ አፋችሁን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ፣ በወፍራም ድምፅ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ አንጎራጉሩ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ እንጨቱ መዳፋችሁ ሥር ሲነዝር ይሰማችኋል። ሞኒተሩም (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት የመድረክ ስፒከር) ጊታሩን የሚቀሰቅሰው እዚያው ኖታ ላይ ነው።

[ምስል፦ መድረክ ከላይ ሲታይ። ሞኒተሩ ከጊታሩ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ወደ ጎን።]

አሁን ወደ መፍትሔው። ኢኳላይዘሩን (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንሰውን) ገና አትንኩት። ሞኒተሩ የጊታሩን ቀዳዳ ፊት ለፊት እያየ ከሆነ ወደ ጎን አንሱት፣ ወይም እናንተ ተንቀሳቀሱ። የ100 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ጩኸቱን ሊያጠፋው ወይም ሊያባብሰው ይችላል። ጊታሩ ሞኒተር ውስጥ ያን ያህል መጉላት ይኖርበት እንደሆነም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሌላውን መሣሪያ መቀነስ ይበቃል።

ቀጥሎ የቀዳዳው የጎማ ክዳን አለ። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን የሚያፍነው የአየሩን ሬዞናንስ፣ ማለትም አየሩ የሚነቃበትን ንዝረት ነው። 200 አካባቢ የሚጮኸው ሳንቃ ላይ ብዙም አይረዳም።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ብዙዎች የሚረሱትን ቁልፍ ነው፦ በፕሪአምፑ (የፒክአፑን ደካማ ሲግናል በሚያጎላው) ወይም በዲአይ ቦክሱ (ጊታሩን ከሚክሰሩ በሚያገናኘው ሣጥን) ላይ ያለውን፣ «ፌዝ» የተጻፈበትን ወይም በክብ ላይ ሰያፍ መስመር ያለበትን። ሲጫን የሲግናሉን ፖላሪቲ (የመግፋትና የመሳብ አቅጣጫ) ይገለብጣል። ተመልሶ የሚመጣው ወፍራም ድምፅ ሳንቃውን በሚሄድበት አቅጣጫ እየገፋ ያሳድገው ከነበረ፣ አሁን ተቃራኒውን ይገፋል። የጊታሩ ቃና ለአድማጩ ብዙም አይለወጥም፣ ክፍያም የለውም። ግን ቦታ ስትቀይሩ ውጤቱም ሊገለበጥ ስለሚችል፣ በቆማችሁበት ቦታ ሁለቱንም ሞክሩ።

[ምስል፦ የሚክሰር ኢኳላይዘር በቅርብ። ጠባብ ጉድጓድ በግራፉ ላይ።]

ከዚህ በኋላ ኢኳላይዘር። መጀመሪያ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይፓስ ፊልተር ቁረጡ። በተለመደው ቅኝት የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ሄርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የእጅ ምትና የመድረክ ጉምጉምታ ነው። ቀጥሎ ክሮቹን ሳታፍኑ ጊታሩን ያዙ፣ ሳውንድ ማኑ ቮልዩሙን ቀስ እያለ ይጨምር። ማዜም ሲጀምር እዚያው ያቁም። ኖች ፊልተሩን (አንድ ጠባብ የፍሪኩዌንሲ ቦታ ብቻ የሚቀንሰውን) በጠባቡ አድርጎ ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ያንሸራት፣ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንስ። ሁለት ቦታ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ጊታሩ የቆርቆሮ ድምፅ ያመጣል፤ ያኔ ሞኒተሩን ማንሳት ይሻላል።

ስለ ፒክአፕ አንድ ነገር። ሳድል (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ቀጭን ድጋፍ) ሥር የሚቀመጠው ፒየዞ፣ ማለትም በግፊት የሚሠራው ፒክአፕ፣ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ያለው ኢንፑት ይፈልጋል። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቤዙን ያጣና ሲሳሳ ይሰማል። ተጫዋቹ «ሞላ አድርግልኝ» ይላል፣ ሳውንድ ማኑ ቤዝ ይጨምራል፣ ጩኸቱ ይከተላል። መሃል ላይ ትንሽ ፕሪአምፕ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በማይክ የምትጫወቱ ከሆነ አስጠጉት፦ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ታተርፋላችሁ። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ አብዝቶ፣ ከጀርባው አሳንሶ የሚቀበል) ከሆነ ደግሞ ሞኒተሩን ከማይኩ ጀርባ አድርጉት።

[ምስል፦ እግር የቲዩነር ፔዳል ሲጫን።]

በመጨረሻ ኮምፕረሰር፦ ጎላ ያለውን ድምፅ የሚቀንሰው መሣሪያ። ስትጫወቱ ድምፁን ይይዘዋል፤ ስታቆሙ ይለቀዋል፣ በጸጥታው ውስጥ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) ይወጣል። በሁለት ዘፈን መካከል ጊታሩ በራሱ የሚያለቅሰው አንዳንዴ በዚህ ነው። ኮምፕረሰሩን አላሉት፣ ካስፈለገም ከሞኒተሩ አውጡት፤ ዘፈኑ እንዳለቀ ቲዩነር ፔዳሉን ረግጣችሁ ሲግናሉን ዝጉ። ዘፈኑ መሃል ላይ ከጀመረ መዳፋችሁን ክሮቹ ላይ አሳርፉ፣ ከሞኒተሩ ግማሽ ዙር ዞር በሉ፣ እስኪረግብ ከዘፈኑ ሁለት ቤት ሳትጫወቱ እለፉ።